ሸክም የሌለበት ጉዞ፦ ከአዲስ ዓለም እስከ ወንጪ



የአዲስ አበባንና የአምቦን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅቤና ጤፍ ጭነን፣ የታመመ ሰው ይዘን፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ስንሮጥ ተመላልሰንበታል። ለማየት ብቻ፣ ለራሳችን ብለን የሄድንበት ቀን ግን አልነበረም። ባለፈው ታኅሣሥ ይህን ልማድ ሰበርነው። አዲስ አበባ ለባዛር ከርመን ስንመለስ፣ ሊወስደን በመጣው ኮስተር ልጆቻችንና ሦስት አያቶች አብረው መጡ። በመንገዱ ላይ ያሉትን ከተሞች እየቆምን አየን፤ በማግሥቱም ወደ ወንጪ ተራራ ወጥተን ሐይቁን በጀልባ ተሻገርን።

ለጉዞው ያዋጣነው ለዘጠኝ ወር በየሳምንቱ 50 ብር ዕቁብ እየጣልን ነው። ከማኅበሩ ካዝና አንድ ብር አልወጣም፤ ይህን ለደጋፊዎቻችን አስቀድመን መናገር ተገቢ ነው። ያም ሆኖ በስብሰባ ላይ ክርክር ነበር። አንዲት እህታችን ተነሥታ «የወፍጮ ቤቱ ዕዳ ሳያልቅ ሽርሽር ምን አስቸኮለን? ሰውስ ምን ይለናል?» አለች። ጥያቄዋ የብዙዎቻችን ነበር። ያየነውንና የሰማነውን የምንጽፈው በከፊል ለእሷ መልስ እንዲሆን ነው።

ከመናገሻ እስከ ሆለታ

አስኮንና ቡራዩን አልፈን መናገሻ ስንደርስ ልጆቹ ስለ ስሙ ጠየቁ። ነገሥታት የነገሡበት ቦታ ስለሆነ ነው እየተባለ ሲነገር እንሰማለን። በስተግራችን የሚታየው የወጨጫ ተራራ ነው። በዚያው ተራራ ላይ የሱባ ደን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚል ትውፊት አለው። እንዲህ ከሆነ ደን መጠበቅ በአገራችን የዛሬ ፈጠራ አይደለም ማለት ነው።

ሆለታ የምትታወቀው በጦር ትምህርት ቤቷ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1927 ዓ.ም. ከስዊድን በመጡ መኮንኖች አስተማሪነት ተከፈተ። አለቃቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ይባሉ ነበር። ዕጩ መኮንኖቹ ገና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የጣሊያን ወረራ መጣ። አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስትያዝ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄዱ። በወለጋ የተመሠረተው የጥቁር አንበሳ ድርጅትም ዋና ክንዱ እነሱ ነበሩ። እኛ በኮስተር የሄድንበትን አቅጣጫ እነሱ መሣሪያ ተሸክመው አልፈውበታል።

ለእኛ ግን ሆለታ ሌላም ትርጉም አላት። የግብርና ምርምር ማዕከሉ ያለው እዚያ ነው። ከመካከላችን ድንች የሚያመርቱት «ጉደኔ» እና «ጃለኔ» የሚሏቸው ዝርያዎች የወጡት ከዚህ ነው። አንዷ እህታችን በመስኮት እያየች «የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለልኝ ይህ ግቢ ነው» አለች። አጥሩን እስክናልፍ ድረስ ዓይኗን አላነሣችም።

ከተማ ለመሆን ጥቂት የቀራት ከተማ

አዲስ ዓለም ስንደርስ ወርደን ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ታሪኩ የሚጀምረው ከማገዶ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃውን ወደው አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ ከተማይቱ በፍጥነት አደገች፤ በዙሪያዋ ያለው ደን ግን እንደዚያው በፍጥነት አለቀ። ማገዶ የሚመጣው ከሩቅ ሆነ። በዚህም የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ሊያዛውሩ አሰቡ፤ ቦታውንም አዲስ ዓለም አሉት። በ1890ዎቹ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ከአዲስ አበባም መንገድ አስቀደዱ። ይህ መንገድ በአገራችን በዘመናዊ መልክ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በነጋዴው በሰርኪስ ተርዚያን አማካይነት በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ወደ አገር የገባውም በዚያው ዘመን ነው። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ይለው ነበር።

በመጨረሻ አዲስ አበባን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከውጭ የገባው ይህ ዛፍ ቶሎ የሚያድግ ስለሆነ የማገዶው ችግር ተቃለለ፤ መናገሻውም ሳይዛወር ቀረ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ግንባታም ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ዛሬ በግቢው ውስጥ የነገሥታቱ ስጦታዎች የሚታዩበት ሙዚየም አለ።

ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ተምረናል። በዚያ ቀን ግን ከአያቶቹ አንደኛዋ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ልጆቹ ሁሉ «አኮ» ነው የሚሏቸው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ሰማንያን ተሻግረዋል። አኮ የሚነግረንን ሰው እስከ መጨረሻው በጥሞና ካዳመጡ በኋላ «እንጨቱንስ ማን ተሸከመው?» አሉ። ማንም አልመለሰም። መልሱ እኮ ይታወቃል። ከእንጦጦ ዛሬም ጎንበስ ብለው ቅጠልና ጭራሮ የሚያወርዱት ሴቶች ናቸው። መናገሻ እስከ ማዛወር ያደረሰው የማገዶ ጉዳይ በየቀኑ የሚያልፈው በሴት ጀርባ ላይ ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ የተጻፈው ግን የንጉሡ ሐሳብና የዛፉ ስም ብቻ ነው።

አዲስ ዓለም ላይ ልጆቻችን እንዲያውቁት የፈለግነው ሌላ ስም አለ፤ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ። በወረራው ዘመን ከውስጥ አርበኞች አንዷ ነበሩ። ጣሊያኖች ያዟቸው፤ አሠቃዩአቸው፤ አዚናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት አጋዟቸው። ተፈትተው ሲመለሱ ቤታቸው አልተቀመጡም። በአዲስ ዓለም በነበረው የጣሊያን ምሽግ ላይ በተደረገው ጥቃት ተካፋይ ሆኑ። ሴቶች ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ «እዚሁ ነው?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁ። አዎ፣ እዚሁ ነው።

ውኃ የሚለያይበት ቦታ

ጊንጪ ገበያ ቀን ስላልነበረ ከተማው ጸጥ ብሏል። ቡና አፍልተን፣ የያዝነውን ጭኮና ቆሎ አወጣን። ከመምህራን አባሎቻችን አንዷ ለልጆቹ ስለ ውኃ አስረዳቻቸው። አዋሽ የሚነሣው ከዚሁ ከጊንጪ አካባቢ ከደንዲ ደጋ ነው። ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ስምጥ ሸለቆ ገብቶ አፋርን ያጠጣል፤ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ጥቂት ወደ አምቦ ስንጓዝ ግን ውኃው ፊቱን ያዞራል። በአምቦ መካከል የሚያልፈው ሁሉቃ ወደ ጉደር ይገባል፤ ጉደር ወደ ዓባይ፤ ዓባይ ደግሞ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ከተራሮቹ በስተደቡብ የሚወርደው ዝናብ ጊቤንና ኦሞን ተከትሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። ስለዚህ በእነዚህ ደጋዎች ላይ ጎን ለጎን የወረደ ዝናብ ዳግመኛ አይገናኝም።

አኮ የጊንጪን ገበያ የሚያስታውሱት በሌላ መንገድ ነው። ልጅ እግር ሳሉ ከተራራው ቅቤ ሰብስበው፣ በኮባ ጠቅልለው፣ ሌሊት ተነሥተው በእግር ጊንጪ ይደርሱ ነበር። ፀሐይ ከወጣ ቅቤው ይቀልጣል፤ ስለዚህ መሮጥ ነው። አንድ ጊዜ ነፍሰ ጡር ሆነው ወንዝ ሲሻገሩ ወድቀው ቅቤው ወሰደባቸው። ቤት ሲመለሱ የተጠየቁት ስለ ቅቤው ነበር፤ ስለ እሳቸው የጠየቀ አልነበረም። ይህን የነገሩን እየሣቁ ነው። ልጃቸውም ከእኛ ጋር ነበረች፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ታሪኩን የሰማችው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የወደቀው እሷን ይዘው እንደነበርም ያኔ ነው ያወቀችው።

ከዚያ በኋላ ማንም እስኪለምናቸው አልጠበቁም። ሌሎቹም አያቶች በየቦታው መናገር ጀመሩ። ይህ መንገድ ወደ ነቀምቴ እንዲዘልቅ በጣሊያን ዘመን ሲሠራ እናቶቻቸው ለሠራተኛ ዳቦ ጋግረው እንደሸጡ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ሸክም ይወርድ እንደነበር፣ የትኛው ድልድይ ላይ ሽፍታ ይፈራ እንደነበር። ለእኛ የኪሎ ሜትር ምልክት የሆነው ሁሉ ለእነሱ የሸክም ማውረጃ ነበር።

አምቦ፣ የራሳችን ከተማ

ማታ አምቦ ገባን። አምቦን ለአምቦ ሰው መንገር ቀባሪን ማርዳት ይሆናል፤ ግን ከልጆቻችን ስንቱ ያውቃል? ከተማችን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። ስሙ የመጣው ከምድር ከሚፈልቀው ፈዋሽ ውኃ ነው። ውኃው በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው በ1922 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በመላው አገሪቱ ሰው ምሳ ቤት ገብቶ «አምቦ» ሲል ከተማውን ሳይሆን ውኃውን ማለቱ ነው። ዩኒቨርሲቲያችንም የተወለደው በ1939 ዓ.ም. ከተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት ነው። ከተራራው ከቦዳ ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተወለደ፤ የአምቦ ልጅ ኦሮምኛንና አማርኛን ይዞ የአገር ባለቅኔ ሊሆን እንደሚችል ያሳየን እሱ ነው።

ወደ ፍልውሃው መኳንንትና ከሩቅ የመጡ ሕሙማን ይመላለሱ ነበር። አኮን «እርስዎስ ገብተው ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «እኔ እንቁላል እሸጥላቸው ነበር» አሉ።

አመዳይ የለበሰ ተራራ

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ወደ ወንጪ ተነሣን። ወንጪ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ ነው፤ ከአምቦ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። መንገዱ ሽቅብ ነው። ኮስተሩ አንድ ዳገት ላይ ውኃው ፈልቶ ቆመ፤ ወርደን እሳት አንድደን ጠበቅን። እዚያ ነው ልጆቹ ያዩት። የገብሱ አገዳ፣ ሣሩ፣ የእንሰቱ ቅጠል፣ የጎጆው ክዳን ሁሉ ነጭ ሆኗል። አንዱ ልጅ እጁን አስነክቶ «በረዶ ነው! እንደ ቴሌቪዥኑ!» ብሎ ጮኸ።

በረዶ ሳይሆን አመዳይ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል በደጋው ላይ የሚወርድ ውርጭ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። ለልጁ ግን በአገራችን የበረዶ ተራራ ታሪክ መኖሩን ነገርነው። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ በሚሆነው በአዱሊስ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ ወንዝ ተሻግሮ ሰሜን ተራሮች ላይ መዝመቱን፣ በዚያም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ማግኘቱን አስጽፏል። ጽሑፉን በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ተጓዥ ገልብጦ ስላቆየው ነው እስከ እኛ የደረሰው። ድንጋዩ ራሱ ጠፍቷል። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ደጀን ዛሬም አልፎ አልፎ በረዶ ይጥላል።

አኮ እሳቱን እየሞቁ «ለእናንተ መልካም ነው» አሉ። «ለእኛ ይህ ሲወርድ ባቄላው ተቃጠለ ማለት ነው።» ልጁ እጁን ከሣሩ ላይ አነሣ።

ሐይቁ ላይ

የወንጪ ተራራ ጫፍ 3,386 ሜትር ከፍታ አለው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ገደል ነው፤ በሆዱ ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል። ከአፋፉ ላይ ሲያዩት እርሻው፣ እንሰቱ፣ ፍልውሃው፣ ደሴቱ ሁሉ በአንድ ሳህን የቀረበ ይመስላል። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆናለች፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ከለሙት ቦታዎች አንዷ ናት።

ወደ ሐይቁ በእግርም በፈረስም ወርደን ጀልባ ተሳፈርን። አኮ መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ ቅቤውን የወሰደባቸው ወንዝ ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ተንሳፋፊ ጃኬቱን ሲያለብሷቸው «ይህ ደግሞ የማን ልጅ ነው የታዘለብኝ?» ብለው ሁላችንንም አሣቁን። መካከል ስንደርስ ባለ ጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ለጥቂት ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም። ልጆቹ እንኳ ዝም አሉ።

በደሴቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቂርቆስ ሕፃን ነበር፤ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በአንድነት መከራ የተቀበለ ሰማዕት ነው። በዓላቸው ጥር 15 ይከበራል። እናትና ልጅ በአንድ ስም የሚታሰቡበት ቦታ ላይ፣ እናቷ ስለ እሷ የወደቁበትን ቀን በጊንጪ የሰማች ልጅ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ነበር። ከእኛ መካከል ሌላ እምነት ያላቸው እህቶችም ነበሩ፤ በዛፉ ጥላ ሥር አብረን ዳቦ ቆረስን።

ስንመለስ ያየነውን ሳንጽፍ ብናልፍ ግን ይህ ጽሑፍ ሙሉ አይሆንም። ዳገቱን በፈረስ ስንወጣ፣ በዚያው መንገድ ሁለት ሴቶች እንጨት ተሸክመው በእግራቸው ይወጡ ነበር። አኮ ፈረሱን አስቆሙ። ወረዱና ከአንዷ ኋላ ሄደው የሸክሙን ገመድ አላሉላት፤ ከትከሻዋ ላይ ያለውን ቋጠሮም ወደ ጎን አዞሩት። «እዚህ ላይ ከሆነ ደረትሽን አይዝሽም» አሏት በኦሮምኛ። ሴትዮዋ አመሰገነችና ቀጠለች። አኮ ዳግመኛ ፈረሱ ላይ አልወጡም፤ እስከ አፋፉ በዝግታ፣ እኛን ተደግፈው በእግር ሄዱ። ፈረሶቹን የሚጎትቱት፣ ጀልባውን የሚነዱት፣ ትኬቱን የሚቆርጡት ወንዶች ነበሩ። ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ በጎ ነገር ነው፤ የአካባቢው ሰው ተደራጅቶ ፈረስና ጀልባ ማከራየቱም ያስደስታል። እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቆጮውን የምትጋግረው፣ እንጨቱን የምታወጣው ሴት ግን ከዚያ ገቢ ምን ይደርሳታል? እንደ እኛ ያለ ማኅበር ይህን መጠየቅ አለበት። በመጪው ስብሰባ ከወንጪ ሴቶች ጋር ለመገናኘትና የቁጠባ ልምዳችንን ለማካፈል ሐሳብ እናቀርባለን።

ለጠየቀችን እህታችን

ሽርሽሩ ምን አስቸኮለን? አያቶቹ ናቸው ያስቸኮሉን። የንጉሡ መንገድ፣ የመኮንኖቹ ትምህርት ቤት፣ የውኃው ፋብሪካ ዓመተ ምሕረታቸው ተጽፎ ተቀምጧል፤ ማንም ቢቆይ አይጠፋም። የቅቤው፣ የእንጨቱና የእንቁላሉ ታሪክ የተቀመጠው ግን በሦስት አሮጊቶች ውስጥ ነው። ቤት ተቀምጠው ብንጠይቃቸው «ምን ታሪክ አለኝ?» ይሉናል፤ ብለውናልም። ቦታው ላይ ሲደርሱ ነው አፋቸው የተፈታው።

ለዚህም ሦስት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ ከዕቁቡ በተረፈው ገንዘብ ሁለት ጠንካራ ሽፋን ያላቸው መዝገቦች ገዝተናል፤ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሴት ልጆቻችን በየወሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄደው የሚነግሯቸውን ይጽፋሉ፤ በሚናገሩበት ቋንቋ፣ ኦሮምኛም ይሁን አማርኛ። ሁለተኛ፣ ከተጻፈው አንድ አንድ በየእትማችን እናወጣለን። ሦስተኛ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዕቁብ ተጀምሯል፤ ጉዞው ወደ ጉደር ፏፏቴና ወደ ደንዲ ሐይቆች ይሆናል።

ያች እህታችን ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብባዋለች። «ወፍጮው ይቅደም ያልኩት ስሕተት አይደለም» አለች፤ እውነቷን ነው፣ ዕዳው አራት ወር ቀርቶታል። ከዚያ መዝገቡን ተቀብላ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእናቷን ስምና የተወለዱበትን ቀበሌ ጻፈች። እናቷ በመጪው እሑድ ይጠብቋታል።